አደይ አበባን በጓሯችን

እንቁጣጣሽ ሲደርስ አደይ አበባን የማይፈልግ ቤት የለም። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን አበባውን ከመስክ መልቀም እንጂ ዘርቶ ማሳደግ አልለመድንም። በከተሞቻችን ዙሪያ ደግሞ መስኩ በቤትና በመንገድ እየተያዘ ነው። በተረፈው ስፍራም አበባው ብዙ ጊዜ ከነሥሩ ይነቀላል።

አደይ አበባ ዓመታዊ ተክል ነው። ይኸውም በክረምት በቅሎ፣ በመስከረምና በጥቅምት አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ ይደርቃል ማለት ነው። ሥሩ ለከርሞ አይተርፍም፤ የሚተርፈው ዘሩ ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ መስክ ዘር ሳይጥል ተለቅሞ ካለቀ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚበቅለው አፈር ውስጥ ከቀድሞ የቀረ ዘር ካለ ብቻ ነው።

አስተዳደጉ ቀላል ነው። ኅዳር ላይ የአበባው ራስ ደርቆ ሲጠቁር ዘሩን መልቀምና በጥላ አድርቆ በወረቀት ከረጢት ማስቀመጥ ይገባል። ሰኔ መግቢያ ላይ ዝናቡ ሲጥል፣ ፀሐይ የሚያገኝና ውኃ የማይተኛበት መደብ ቆፍሮ ማለስለስ፣ ዘሩን በትኖ አፈር በስሱ ማልበስ ነው። ችግኙ ሲወጣ በመካከሉ አንድ ስንዝር ያህል እየተዉ ማሳሳት፣ አንድ ሁለት ጊዜም ማረም ይበቃዋል። ፍግ አያሻውም፤ በጣም በዳበረ አፈር ላይ ቅጠሉ ይበዛል፣ አገዳውም ይወድቃል። ውኃውን ክረምቱ ይሰጠዋል። የሚስማማውም ደጋና ወይና ደጋ ነው።

ለሳይንስ መምህራን መደቡ ጥሩ ማስተማሪያ ይሆናል። ተማሪዎች አንዱን አበባ ሰንጥቀው ይመልከቱ፤ አንድ የሚመስለው አበባ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። በዳር ያሉት ሰፋፊ ቢጫዎች ነፍሳትን ይስባሉ፤ ዘር የሚይዙት ግን በመካከል ያሉት ናቸው። ኑግም የዚሁ ቤተሰብ በመሆኑ ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል። ንቦች ሲመላለሱበትም ያያሉ፤ በደጋው አገር በጥቅምትና በኅዳር ለሚቆረጠው ማር ይህ አበባ አንዱ ምንጭ ነው።

ለበዓሉ ስንለቅም አገዳውን በመቀስ እንቁረጥ እንጂ አንንቀል። ከመደቡም አንዱን ጥግ ፈጽሞ ሳንነካ እስከ ኅዳር እናቆይ። ከዚያ ጥግ የሚገኘው ዘር ለከርሞው መደብ ይሆናል፤ የተረፈውንም ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሊወስዱት ይችላሉ።