ዛሬ ነገ ማለት ከየት ይመጣል?

ሥራን ዛሬ ነገ እያሉ የሚያዘገዩ ሰዎች ሰነፍ ይባላሉ፤ ስያሜው ግን ስህተት ነው። ሰነፍ ለሥራው ግድ የለውም። ዛሬ ነገ የሚለው ሰው መሥራት ይፈልጋል፣ መዘግየቱ እንደሚጎዳውም ያውቃል፣ ሆኖም አይጀምርም።

ከዚህ የባሰው ስህተት «ሥራ የሚዋጣልኝ ሰዓቱ ሲጣበብ ነው» የሚለው ነው። አባባሉ እንደ ምክር መሰራጨቱ ሊያበቃ ይገባል። ዳያን ታይስና ሮይ ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለአንድ ሴሚስተር ተከታትለዋል። ሥራ የሚያዘገዩት በመጀመሪያ ከሌሎቹ ያነሰ ጭንቀትና ሕመም ነበራቸው። ማስረከቢያው ሲቃረብ ነገሩ ተገለበጠ፤ በድምሩ ይበልጥ የታመሙት እነሱ ናቸው፣ ውጤታቸውም ዝቅ ብሏል።

ቁልፉ ያለው በዚያ የመጀመሪያ እፎይታ ውስጥ ነው። ከባድ ወይም መያዣ መጨበጫው ያልታወቀ ሥራ ሲታሰብ ፍርሃት፣ መሰልቸት፣ «አልችለው ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ ይመጣል። ሥራው ለነገ ሲተላለፍ ይህ ስሜት ወዲያው ይለቃል። እፎይታው ቅርብ፣ ዕዳው ሩቅ ስለሆነ አእምሮ መሸሽን ይለምዳል፤ በሽታውን ሳይነኩ ማስታገሻ ደጋግሞ እንደ መዋጥ ነው። ታይስና ባልደረቦቻቸው በ2001 ይህን በሙከራ ፈትነዋል። ተሳታፊዎቹ ለሂሳብ ፈተና መዘጋጃ ጊዜ ተሰጣቸው፤ በአጠገባቸውም ጊዜ ማሳለፊያ ነበር። ስሜታቸው የተከፋው፣ ማሳለፊያው አስደሳች ሲሆን፣ ዝግጅቱን ትተው ወደዚያው አዘነበሉ። ስሜታቸው ለጊዜው እንደማይለወጥ እንዲያምኑ የተደረጉት ግን፣ ቢከፋቸውም፣ ያን ያህል አልሸሹም። መሸሽ የማያስደስት ከሆነ ምን ይጠቅማል?

ማብራሪያው ሁሉንም አይጠቀልልም። ፒርስ ስቲል በ2007 የቀደሙትን ጥናቶች አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ማዘግየት ከተጨናቂ ባሕርይ ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ሆኖ አገኙት፤ ጠንካራው ዝምድና ከችኩልነትና ከሥራው አስጠሊነት ጋር ነው። ማዘግየትን ለማብራራት የሚጠቀሰው፣ ባውማይስተር ያስፋፉት ‹ራስን የመግዛት ኃይል እንደ ስንቅ ያልቃል› የሚለው ሐሳብም በ2016 በ23 ቤተ ሙከራዎች ሲደገም የተጠበቀውን ውጤት አልሰጠም። ሁለቱም ግን የሥራውን አስጠሊነት ዋና ተጠያቂነት አያነሡም።

ከዚህ የሚወጣው መፍትሔ ራስን መውቀስ አይሆንም፤ ወቀሳ ሥራውን ይበልጥ ያስጠላል። በ2010 በታተመ የካናዳ ጥናት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ዘግይተው በመዘጋጀታቸው ለራሳቸው ይቅርታ ያደረጉ ተማሪዎች ለሁለተኛው ብዙም አላዘገዩም። ሌላው መንገድ የሚጀመርበትን ቦታና ሰዓት አስቀድሞ መቁረጥ ነው። ፒተር ጎልዊትዘር በጀርመን ተማሪዎችን የገና ዋዜማቸውን እንዴት እንዳሳለፉ በ48 ሰዓት ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ሲጠይቁ፣ የትና መቼ እንደሚጽፉ የወሰኑት አብዛኞቹ ላኩ፤ ካልወሰኑት የላኩት ሲሶ ያህሉ ናቸው።

ሥራው ስለሚፈጀው ጊዜ የምንሰጠው ግምትም ያታልላል። በ1994 በታተመ ሌላ የካናዳ ጥናት፣ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን እንደሚጨርሱ ገምተው ከ55 ቀን በላይ ፈጅቶባቸዋል፤ ሁሉ ነገር ቢበላሽስ ተብለው የሰጡት ግምት እንኳ 49 ቀን ገደማ ነበር። ስለዚህ ጊዜ ሲመደብ መነሻው ተመሳሳይ ሥራ ባለፈው ጊዜ በትክክል የፈጀው ቀን ነው።