በሽቦ የምትሰፋ ጀልባ፤ ስለ እንግሊዝ አገር የቤት ውስጥ ጀልባ ሠሪዎች

ጀልባ መሥራት በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዘመን የባለሙያ ሥራ ሆኖ ኖረ። ሙያውን የሚሻ ወጣት ከአንድ ጀልባ ሠሪ ዘንድ ገብቶ ለዓመታት ያገለግል ነበር። አከርካሪውን ማቆም፣ ጎድኑን በእንፋሎት አለስልሶ ማጉበጥ፣ ሳንቃን ከሳንቃ ውሃ እንዳያስገባ አድርጎ መግጠም፣ ይህ ሁሉ ከቃል ይልቅ በዓይንና በእጅ የሚወረስ ዕውቀት ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ግን (ዓመቶቹ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አስተማሪውና የፋብሪካ ሠራተኛው ከሥራ መልስ በመኪና ማቆሚያው ውስጥ ጀልባ የሚሠራ ሆነ። ለውጡ እንዴት እንደ መጣ ለመረዳት አንዲት ጀልባን መመልከት ይበቃል።

እርስዋም ሚረር የምትባለው ናት። ንድፍዋን በ1962 ያወጡት ጀልባ ነዳፊው ጃክ ሆልትና በቴሌቪዥን የቤት ውስጥ የእጅ ሥራን ያስተምር የነበረው ባሪ በክኔል ናቸው። ስምዋን ያገኘችው ከደጋፊዋ ከዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ሲሆን፣ ቀይ ሸራዋም የዚያው ጋዜጣ ምልክት ነው። ጋዜጣው በሠራተኛው ሕዝብ ዘንድ በብዛት የሚነበብ ስለ ነበረ፣ በሸራ መንሸራሸር የባለጸጎች መዝናኛ ሆኖ ይታይ በነበረበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በ1963 ለገበያ ስትቀርብ የሙሉ ዕቃዋ ዋጋ 63 ፓውንድ ከ11 ሺሊንግ ነበረ። ርዝመትዋ 3 ሜትር ከ30 ሳንቲም፣ ክብደትዋም 45 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ፣ ሁለት ሰዎች አንሥተው በመኪና ጣራ ላይ ይጭኑአታል።

ገዢው የሚረከበው ተቆርጦ የተዘጋጀ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ፣ የመዳብ ሽቦ፣ የፋይበር ግላስ ጥብጣብ፣ ማጣበቂያና የአሠራር መመሪያ ነው። ሥራው ከአናጢነት ይልቅ ልብስ ስፌትን ይመስላል። በሰሌዳዎቹ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ ሽቦ ይገባባቸዋል፤ ሽቦውም በፒንሳ ይጠመዘዛል። ጠፍጣፋ የነበረው እንጨት ጠርዙ ከጠርዝ ጋር ሲሳብ ራሱ ይጎብጣል፤ ጠፍጣፋ ጨርቅ ሲሰፋ የትከሻን ቅርጽ እንደሚይዝ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስፌቱ ከውስጥ በጥብጣብና በማጣበቂያ ይሸፈናል። ሲደርቅ በውጭ የቀረው ሽቦ ተቆርጦ ይሞረዳል፤ ውጭውም እንዲሁ ይሸፈናል።

ሳንቃን መስፋት አዲስ ፈጠራ አይደለም። በዚያው በእንግሊዝ አገር፣ በሀምበር ወንዝ አፍ ዳር ፌሪቢ በተባለው ስፍራ በ1937 የተገኘው ጥንታዊ ጀልባ ሳንቃዎቹ በዛፍ ቀንበጥ የተሰፉ ነበሩ፤ ዕድሜውም ከ3,500 ዓመት ይበልጣል። ልዩነቱ፣ የጥንቱ ስፌት ጀልባውን ለዘለቄታው ሲይዝ፣ የሚረር ሽቦ ግን ማጣበቂያው እስኪደርቅ ብቻ ማገልገሉ ነው።

በዚህ አሠራር ከባዱ ዕውቀት ከሠሪው እጅ ወጥቶ ወደ ሰሌዳው ጠርዝ ገብቷል። የጠርዙን ቅስት ያሰላው ነዳፊው ነው፤ ሠሪው ምክንያቱን ሳያውቅ ውጤቱን ይቀበላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው ገጣጣሚ እንጂ ጀልባ ሠሪ አይደለም የሚል አይጠፋም። ነቀፌታው በከፊል እውነት ነው፤ የእንጨትን ጅማት አንብቦ ሳንቃ መምረጥን ከሣጥን ውስጥ የሚማረው የለም።

ሆኖም አንድ ሰዓት አለ፤ መመሪያው ይናገራል እንጂ ሊሠራለት አይችልም። ሽቦው ከተጠመዘዘ በኋላ፣ ማጣበቂያው ከመቀባቱ በፊት፣ ጀልባዋ ገና ትላወሳለች። በዚህ ጊዜ ሠሪው ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ፣ በጀልባዋ ወርድ ላይ ያጋድማል፤ ዝቅ ብሎም በአንድ ዓይን ያስተያያቸዋል። አንደኛው ዘንግ ከሌላው ጋር ካልተስተካከለ ጀልባዋ ተጣምማለች ማለት ነው። ያን ምሽት የቸኮለ ሰው ጠማማነቱን በማጣበቂያ ያጸናዋል፤ ከዚያም ወዲያ ማቃናት ከቶ አይሆንለትም። የጥንቱ ጀልባ ሠሪ ዓይን ያስፈልግ የነበረው ለእንዲህ ያለው ነገር ነበር፤ አዲሱም ሠሪ ለአንድ ምሽት ቢሆን ያን ዓይን መዋስ ግድ ይሆንበታል።

የእነዚህ ጀልባዎች ቁጥር ከ70,000 በላይ ደርሷል፤ ኋላም ከፋይበር ግላስ ብቻ የተሠሩ መጥተዋል። እያንዳንዷ ቁጥርዋን በሸራዋ ላይ ትይዛለች፤ ስምዋን ግን ሠሪው ያወጣላታል። ኮምፔንሳቶ ውሃ ከገባበት ይበሰብሳልና፣ በአጥር ሥር ተገልብጣ የከረመች አሮጌ ሚረር ብዙ ጊዜ ወለልዋ ተበልቶ ትገኛለች። ያን ጊዜ ባለቤቱ የበሰበሰውን ቆርጦ ያወጣል፤ በቀረው እንጨት ልክ አዲስ ሰሌዳ ይቆርጣል፤ ቀዳዳውን በስቶም እንደገና በሽቦ ይሰፋታል።