እናት ድመት ለልጆቿ ምን ትላለች?

ከአራተኛ ክፍል ጀርባ፣ በተሰባበሩት ዴስኮች ሥር አንዲት ድመት መውለዷን ሰምታችኋል። ማታ ስትጮኽ የሰሙ ልጆች «ጥላቸው ሄደች» ብለው ዓይናቸው ያልተገለጠ ሁለት ግልገሎች ወደ ቤት ወሰዱ። አንደኛው ሳይነጋ ሞተ። ልጆቹ ያደረጉት በርኅራኄ ነው፤ የተሳሳቱት የእናቲቱን ድምፅ ባለማወቃቸው ነው።

የድመት ግልገል ሲወለድ ዓይኑ የተጨፈነ፣ ጆሮውም የተደፈነ ነው። ዓይኑ የሚገለጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ነው። ታዲያ እናቱን በምን ያገኛታል? በሽታዋና በሙቀቷ ነው። በተጨማሪም እናቲቱ ስታጠባ ከጉሮሮዋ «ኽርርር» ትላለች። ግልገሉ ይህን በጆሮው ባይሰማም የገላዋ ንዝረት ይደርሰዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ እሱም ጡት እንደያዘ «ኽርር» ይላል። «ሚያው» ለማለት ግን አፉን መክፈት፣ ጡቱንም መልቀቅ ነበረበት!

ጆሮአቸው ከተከፈተ በኋላ ሌላ ድምፅ ይመጣል። እናቲቱ ከአደን ስትመለስ አፏን ሳትከፍት «ምርርው» የሚል አጭርና ለስላሳ ጥሪ ታሰማለች፤ «መጣሁ፣ ኑ» እንደማለት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ የ4 ሳምንት ግልገሎች የእናታቸውን ጥሪ ከሌላ እናት ድመት ጥሪ ይለያሉ። አይጥ ይዛ ስትመጣም ትጠራቸዋለች፤ ትምህርት ቤታቸው ይኸው ነው። ካጉረመረመች ግን አደጋ አለ ማለት ነው፤ ይደበቃሉ።

ወደ ማታው ጩኸት እንመለስ። እናት ድመት ሥፍራው ካሠጋት ልጆቿን በማጅራታቸው እያንጠለጠለች፣ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቦታ ታዛውራለች። ተራው ያልደረሰው ግልገል ብርድና ብቸኝነት ሲሰማው በቀጭኑ ይጮኻል፤ እሷም እየተጣራች ትመለሳለች። እንግዲህ የእኛዎቹ ግልገሎች የተጣሉ አልነበሩም፤ በጉዞ ላይ ነበሩ። በዚህ ዕድሜ የራሳቸውን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችሉ ከእናታቸው ተለይተው ማደር ለሞት ያደርሳቸዋል። የዱቄት ወተትም የእናታቸውን ወተት አይተካም።

ስለዚህ ግልገል ብቻውን ብታገኙ አትንኩት፤ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። እናቲቱ ለአደን ወጥታ ሰዓታት ልትቆይ ትችላለች። ወላጆች ደግሞ፣ ልጅ በድመት ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል።

ሁለተኛው ግልገል በማግሥቱ ወደ ዴስኮቹ ተመልሷል። እኛ ከሩቅ ቆመን ሳለ «ምርርው» እያለች መጥታ በማጅራቱ አንሥታ ወሰደችው። አሁን የራሽን ዱቄት ከሚቀመጥበት መጋዘን ኋላ ትገኛለች፤ የመጋዘኑ ዘበኛም ደስ ብሎታል።