ለመጠጥ የማይሆነው ወይን

ኮኛክ ከምን ዓይነት ወይን እንደሚወጣ የሚጠይቅ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ መጠጡ ውድ ነውና ወይኑም ምርጥ መሆን አለበት ብሎ ያስባል። መጠጥ የሚያስተናግደው ባለሙያ እዚህ ላይ እንግዳውን ቅር ማሰኘቱ አይቀርም። የኮኛክ እናት ኡኚ ብላን የምትባል ነጭ ወይን ናት። ጣሊያኖች ትሬቢያኖ ይሏታል። ፍሬዋ ብዙ፣ መዓዛዋ የሳሳ፣ ጠጇ ጥርስ የሚያጠርስ ኮምጣጣ ነው። በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በሻራንት ወንዝ ዙሪያ ባለው የኮኛክ አውራጃ ከተተከለው ወይን 98 በመቶ ገደማው እሷው ናት። ያንን ጠጅ በብርጭቆ ቀድቶ ለእራት የሚያቀርብ ሰው ግን እንግዳ ያባርራል።

ኮምጣጣነቷ ለብራንዲ ሥራ ሀብት ነው። የጠረጴዛ ወይን የሚጠምቁ ሰዎች ጠጁ እንዳይበላሽ ድኝ አዘል መከላከያ ይጨምሩበታል። ለማፍያው ጋን የሚሄደው ጠጅ ላይ ግን ይህ አይደረግም፤ እሳቱ አልኮሉን ሲያከማች የድኙን ሽታም አብሮ ያከማቻልና። ስለዚህ ጠጁን የብርዱን ወራት በሙሉ የሚጠብቀው የገዛ ኮምጣጣነቱ ነው። የአልኮል መጠኗ 9 በመቶ አካባቢ መሆኑም ይጠቅማል። አንድ ሊትር ብራንዲ ለማግኘት ወደ 9 ሊትር ጠጅ ስለሚፈላ፣ የሳሳ የሚመስለው መዓዛ ተጠራቅሞ ይወርዳል። ፀሐይ ያበሰለው፣ 14 በመቶ የደረሰ ጠጅ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ማከማቸት ባላስፈለገ፣ መዓዛውም በቀለለ ነበር።

ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ማስረዳት ቀላል ነው። ተራ አረቄንና ዳግም አረቄን የሚያውቅ ሰው የኮኛክን አሠራር ግማሹን ያውቀዋል። በመዳብ ጋን፣ በቀጥታ እሳት፣ ሁለት ጊዜ ይወጣል። የመጀመሪያው ደፍረስ ያለና 30 በመቶ ገደማ ነው። ሁለተኛው ላይ የባለሙያው ችሎታ ይፈተናል። ቀድሞ የሚወርደው «ራስ» አፍንጫ ይሰነፍጣልና ለብቻው ይለያል፤ ከዚያ ከ70 እስከ 72 በመቶ የሚደርሰው ጥርት ያለ «ልብ» ይከተላል፤ በመጨረሻ «ጅራት» ይመጣል። ልቡ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚቆረጥ መለኪያው ይናገራል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን የሰው አፍንጫ ነው። የኮኛክ አምራች ቤቶችም በዘዴ አይስማሙም። ሬሚ ማርታን ጠጁን ከአተላው ጋር ያፈላል፣ መጠጡም ወፈር ይላል። ማርቴል አተላውን አስወግዶ ያፈላል፣ የሱም ቀለል ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን የቀመሰ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም። የሁሉም እሳት ግን በሕግ ከአንድ ቀን አያልፍም፤ ወይኑ ከተለቀመ በኋላ ባለው መጋቢት 22፣ በፈረንጆቹ ማርች 31።

ኡኚ ብላን ግን ሁልጊዜ ንግሥት አልነበረችም። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በፊት በኮኛክም፣ ወደ ደቡብ ባለችው በአርማኛክም ፎል ብላንሽ የምትባለው ወይን ነበረች የምትወደደው፤ ብራንዲዋ የአበባ ሽታ አለው። ከዚያ ፊሎክሴራ መጣ። ክሽክሽ የምትመስል፣ ከአሜሪካ በመርከብ የገባች ደቃቃ ነፍሳት የወይኑን ሥር እየመጠጠች የፈረንሳይን እርሻ አደረቀችው። መድኃኒቱም ከአሜሪካ ነበር፤ የአውሮፓን ቅርንጫፍ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ሥር ላይ ማጣበቅ። የኮኛክ ኖራማ አፈር ግን የአሜሪካውን ሥር ቅጠሉን ቢጫ እያደረገ አስቸገረ። በ1887 ፒየር ቪያላ የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ መፍትሔ ፍለጋ አሜሪካ ተላከ፤ በቴክሳስ ኖራማ መሬት ላይ የሚበቅሉ የዱር ወይኖችን የወይን ተመራማሪው ቲ. ቪ. መንሰን አሳየው። ፈረንሳይም ለመንሰን የግብርና ኒሻን ሰጠችው። የመንሰን ከተማ ዴኒሰን ዛሬ የኮኛክ እህት ከተማ ናት።

ፎል ብላንሽ ከዚህ መከራ በደንብ አላገገመችም። በአዲሱ ሥር ላይ ስትቆም በረታች፣ ዘለላዋ ጠበቀ፣ በእርጥብ ዓመት ግራጫ ሻጋታ ይበላት ጀመር። አምራቾቹ ወደ ኡኚ ብላን ፊታቸውን ያዞሩት ያኔ ነው።

የአርማኛክ ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ ለብዙ እንግዳ የማይነገር፣ ግን የበለጠ የሚጣፍጥ። የላንድ አውራጃ መምህር የነበረው ፍራንስዋ ባኮ በ1898 ፎል ብላንሽን ኖዋ ከተባለች የአሜሪካ ደም ካላት ወይን ጋር አዳቀለ። ውጤቱ «ባኮ 22ኤ» ተባለ። በ1930ዎቹ ፈረንሳይ ኖዋን ጨምሮ በርካታ የአሜሪካ ዲቃላዎችን በሕግ ከልክላለች፤ የኖዋ ልጅ ባኮ ግን ተርፎ ዛሬም በአርማኛክ ሕጋዊ ነው። ባስ አርማኛክ በተባለው የአርማኛክ ክፍል ቡናማ አሸዋ ላይ የበቀለ ባኮ በርሜል ውስጥ ብዙ ዓመት ሲቀመጥ የደረቀ ፕለም ሽታ፣ ወፍራም ሰውነት ያወጣል። አብዛኛው አርማኛክ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባልተቋረጠ ፍሰት ይወጣል፤ ከ52 እስከ 60 በመቶ አካባቢ ላይ ስለሚወርድ ከጠጁ ብዙ ነገር ይዞ ይቀራል። ማፍያውን በመንኮራኩር እየጎተቱ ከገበሬ ገበሬ የሚዞሩ ባለሙያዎች ዛሬም አሉ። ከዚህ ጸሐፊ ፍርድ ከተጠየቀ፣ በተመሳሳይ ዋጋ ከታዋቂ ስም ኮኛክ ይልቅ የትንሽ ገበሬ ባስ አርማኛክ ይሻላል።

መለያ ወረቀት ላይ ግን መጠንቀቅ ነው። በኮኛክ ቪኤስ ማለት ትንሹ ክፍሉ 2 ዓመት፣ ቪኤስኦፒ 4 ዓመት፣ ኤክስኦ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ 10 ዓመት በኦክ በርሜል የቆየ ማለት ነው። «ፊን ሻምፓኝ» የሚለውን አይቶ አረፋ የሚጠብቅ እንግዳ አለ፤ የሚያመለክተው ግራንድና ፕቲት ሻምፓኝ የተባሉትን ሁለት የኖራ ቀበሌዎች ነው፣ ቢያንስ ግማሹ ከግራንድ። አርማኛክ ላይ ወይኑ የተለቀመበት ዓመት ብቻውን ከተጻፈ ትንሹ ዕድሜ 10 ዓመት ነው። ሆኖም የ1985 ጠርሙስ የገዛ ሰው ሁልጊዜ የድሮ መጠጥ ገዝቷል ማለት አይቻልም። ብራንዲ የሚያረጀው በርሜል ውስጥ ነው፤ መስታወት ውስጥ ከገባ በኋላ ይቆማል። በ1997 የታሸገው የ1985 መጠጥ የ12 ዓመት ነው፣ እስከ ዛሬ መደርደሪያ ላይ ቢቆይም። ስለዚህ የተለቀመበትን ዓመት ሲያዩ የታሸገበትንም ይጠይቁ።

ከገዙ በኋላ ደግሞ ጠርሙሱን እንደ ወይን አያጋድሙት። 40 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል ቡሹን ይበላዋልና፣ አቁመው ያስቀምጡት።