ቺፑ አልተሸነፈም

ከባንክ ሂሳብ ላይ ገንዘብ ሳይታወቅ ሲጎድል ከብዙ ሰው አፍ ቀድሞ የሚወጣው «ካርዴን ኮፒ አድርገውት ነው» የሚል ቃል ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ ግማሽ ስህተቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ካርዱን ደካማ፣ ሌባውን ደግሞ የኮምፒውተር ሊቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ባለካርዱ ሊጠነቀቅበት የሚገባውን ትቶ የማያሰጋውን እንዲፈራ ያደርገዋል። የዴቢት ካርድ ምን እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም፤ በአገራችን ኤቲኤም ካርድ የምንለው፣ ከራሳችን ሂሳብ ገንዘብ የምናወጣበት ነው። ማብራሪያ የሚገባው በካርዱ ፊት ላይ የተለጠፈው ወርቃማ ወይም ብርማ ነገር፣ ቺፑ ነው። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። እኔ ግን በየኪሳችን ይዘናቸው ከምንዞራቸው ዕቃዎች ሁሉ የዚህን ያህል እየጠበቀን የዚህን ያህል ምስጋና የተነፈገው የለም እላለሁ።

በቀላሉ ኮፒ የሚደረገው ሌላ ነው፤ በካርዱ ጀርባ የተዘረጋው ጥቁር የማግኔት መስመር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አይቢኤም ውስጥ የተሠራው ይህ መስመር መረጃ የሚይዘው ካሴት ዘፈን በሚይዝበት መንገድ ነው። የካርዱ ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀንና ጥቂት ኮዶች አንድ ጊዜ ይጻፉበታል፤ ከዚያ ወዲያ ለጠየቀው ሁሉ ያንኑ ይደግማል። የባንኩን ማሽን ከሌባ መሣሪያ አይለይም። ስለዚህ ሌባው በኤቲኤሙ የካርድ ማስገቢያ ላይ ከማሽኑ ጋር የሚመሳሰል ማንበቢያ ይገጥማል፤ ከቁልፎቹ በላይ በመርፌ ቀዳዳ የምታይ ካሜራ ይደብቃል። በአንዱ የመስመሩን መረጃ፣ በሌላው የሚስጥር ቁጥሩን ያገኝና በባዶ ፕላስቲክ ላይ አዲስ ካርድ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ታርጌት በተባለው የአሜሪካ የመደብሮች ሰንሰለት ላይ በደረሰው ዝርፊያ ማሽን መነካካት እንኳ አላስፈለገም፤ በክፍያ መቀበያዎቹ ውስጥ ሰርጎ የገባ ሶፍትዌር የ40 ሚሊዮን ያህል ካርዶችን መረጃ ጠርጎ ወሰደ። በዚያን ጊዜ አሜሪካ በአብዛኛው የምትከፍለው በጥቁሩ መስመር ነበር።

ቺፑ ከዚህ በመሠረቱ ይለያል። ፈረንሳዊው ሮላን ሞሬኖ ሐሳቡን በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ በ1990ዎቹ ደግሞ ዩሮፔይ፣ ማስተርካርድና ቪዛ ኢኤምቪ የተባለውን የጋራ ደንብ አወጡለት። ቺፑ የራሱ ማስታወሻና የራሱ ማስሊያ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። በውስጡ አንድ ሚስጥራዊ ቁልፍ አለ፤ ከቺፑ ውጭ ቁልፉን የሚያውቀው ካርዱን ያወጣው ባንክ ብቻ ነው። ካርዱ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ «እባክዎ ይጠብቁ» የሚለው ጽሑፍ በሚታይባቸው ጥቂት ሴኮንዶች ማሽኑ ለቺፑ የገንዘቡን መጠን፣ ቀኑንና ለዚያች ቅጽበት ብቻ የተፈጠረ አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይሰጠዋል። ቺፑ የራሱን ቆጣሪ በአንድ ከፍ ያደርጋል፤ ሁሉንም በቁልፉ አስልቶ አንድ መልስ ያወጣል። ባንኩም በበኩሉ ያንኑ ያሰላል፤ ሁለቱ ከተመሳሰሉ ክፍያው ይፈቀዳል። ቁልፉ ግን በማንኛውም ሰዓት ከቺፑ አይወጣም። የወጣውን መልስ ሌባ ቢይዘው እንኳ ለሌላ ክፍያ አያገለግለውም፤ ቆጣሪው አልፏል፣ የዘፈቀደው ቁጥርም ተቀይሯል።

«ቺፑንም የሚያነብ ስስ መሣሪያ አለ ይባላል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፣ አለ። ከወረቀት ብዙ የማይወፍር ሰሌዳ በካርድ ማስገቢያው ውስጥ ተደብቆ ቺፑና ማሽኑ የሚነጋገሩትን ያዳምጣል። የሚያገኘው ግን የካርዱን ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን እንጂ ቁልፉን አይደለም። እዚህ ላይ ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት፣ እኔን ግን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ነገር አለ። በአንድ ካርድ ላይ የማረጋገጫ ኮዱ ሦስት ነው። አንዱ በጥቁሩ መስመር ውስጥ ተጽፏል፤ ሁለተኛው በቺፑ ውስጥ ነው፤ ሦስተኛው በጀርባው የታተመው ባለሦስት አሐዝ ቁጥር ነው። ሦስቱም ሆን ተብሎ ይለያያሉ። ሌባው ከቺፑ የሰማውን በጥቁር መስመር ላይ ቢጽፍ ኮዱ የቺፕ እንጂ የመስመር ስላልሆነ፣ በትክክል የሚፈትሽ ባንክ ወዲያው ይጥለዋል። በኢንተርኔት ሊገዛበት ቢሞክርም የታተመው ባለሦስት አሐዝ ቁጥር በእጁ የለም። ይህን ያቀደ ሰው አንዱ በር ቢሰበር ሌሎቹ እንዳይከፈቱ ቀድሞ አስቧል። ፍተሻውን የሚዘነጋ ባንክ ካለ ግን ጥፋቱ የባንኩ ነው፤ በቺፑ ሊሳበብ አይገባም።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ የመጣው ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ስቲቨን መርዶክ፣ ሮስ አንደርሰንና ባልደረቦቻቸው በካርዱና በማሽኑ መካከል የገባ መሣሪያ ማሽኑን «የሚስጥር ቁጥሩ ትክክል ነው» ብሎ ሊያታልለው እንደሚችል በተግባር አሳዩ። በዓመቱ ፈረንሳይ ውስጥ የወንጀለኞች ቡድን በዚሁ ዘዴ ሲሠራ ቆየ። አደጋውን ማቃለል አይገባም፤ ባንኮችም ፍተሻቸውን አጥብቀዋል። ነገር ግን ወንጀለኞቹ ምን እንዳደረጉ እንመልከት። እውነተኛውን ቺፕ ከተሰረቀ ካርድ ላይ ነቅለው፣ ሁለተኛ ቺፕ በላዩ በይደው፣ በሌላ ፕላስቲክ ላይ አጣበቁት። ቺፑን ኮፒ ማድረግ ቢችሉ ኖሮ ካርድ መስረቅም መበየድም ባላስፈለጋቸው ነበር። በቺፑ ላይ የተሰነዘረው ትልቁ ጥቃት ራሱ ያለ እውነተኛው ቺፕ ሊሠራ አልቻለም።

ታዲያ ሰው የሚዘረፈው በየት በኩል ነው? ቺፑ በማይጠየቅበት በኩል። አሜሪካ ውስጥ የካርድ ድርጅቶቹ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለሐሰተኛ ካርድ ኪሣራ ቺፕ የማያነበው ወገን ተጠያቂ እንዲሆን ካደረጉ በኋላ፣ ወደ ቺፕ በተሸጋገሩ መደብሮች እንዲህ ያለው ማጭበርበር ከሦስት አራተኛ በላይ መቀነሱን ቪዛ አስታውቋል። ሌባው ግን ሥራውን አልተወም፤ ወደ ኢንተርኔት ግዢና ወደ ስልክ ዞረ። በኢንተርኔት ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በካርዱ ላይ የታተመው ብቻ ነው፤ ካርዱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም የሚልክ ሰው ይህን ሁሉ በገዛ እጁ አስረክቧል። በስልክ ደግሞ «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ ሂሳብዎ እንዳይዘጋ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን» ይባላል። የኤቲኤም ሚስጥር ቁጥር እዚያው ቁልፍ ሰሌዳው ውስጥ ተመስጥሮ ስለሚጓዝ የባንኩ ሠራተኛ አያየውም፤ ለሥራውም አያስፈልገውም። ስለዚህ ደውሎ ይህን ወይም በስልክ የደረሰን ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ፣ ድምፁ የቱንም ያህል ትሑት ቢሆን፣ አጭበርባሪ ነው። ስልኩን ዘግቶ በካርዱ ጀርባ ባለው የባንኩ ስልክ ቁጥር መልሶ መደወል ነው።

የሚያሳዝነኝ ግን ቺፑ ይህን ሁሉ ሲደክም እኛ የምናደርገው ነው። ሚስጥር ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ ከካርዱ ጋር በአንድ ቦርሳ ይቀመጣል። የትውልድ ዓመት ሚስጥር ቁጥር ይሆናል። ማሽኑ ፊት የተቸገሩ እናት «ልርዳዎት» ላላቸው ወጣት ካርዱንም ቁጥሩንም ይሰጣሉ፤ እሱም ተመሳሳይ መልክ ያለው የሌላ ሰው ካርድ መልሶላቸው ይሄዳል። እናትን ብቻቸውን ኤቲኤም ልኮ ቤት የሚቀመጥ ልጅ ሊወቀስ ይገባዋል። በሌላ በኩል ብዙዎች ካርድን አስጠግቶ በመንካት መክፈልን ይፈራሉ፤ ማሽኑን ሲነኩም ግን የሚመልሰው ያው ቺፕ፣ ለዚያች ክፍያ ብቻ የሚያገለግለውን መልስ ነው። ካርዱ በምንም ማስገቢያ ውስጥ ስለማይገባ እንዲያውም ይሻላል። መፈራት ያለበት «ቺፑ እምቢ አለ» ብሎ ጥቁሩን መስመር የሚጎትት ሻጭ ነው።

ዴቢት ካርድ ከክሬዲት ካርድ የሚለየው የሚጎድለው የራሳችን ገንዘብ በመሆኑ ነው፤ ስለዚህ ፍጥነት ወሳኝ ነው። በአሜሪካ ሕግ ካርዱ እንደጠፋ ባወቁ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ያሳወቁ ሰው ኪሣራቸው ከ50 ዶላር አያልፍም፤ ከዘገዩ እስከ 500 ዶላር ይደርሳል፤ የሂሳብ መግለጫው በተላከ በ60 ቀናት ውስጥ ዝም ካሉ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የሚወሰደው ሁሉ በእሳቸው ላይ ሊቀር ይችላል። አገር ቤትም ሆነ ውጭ፣ ለእያንዳንዱ ወጪ አጭር መልእክት እንዲደርስ ማድረግ ጉድለቱን በዕለቱ ያሳውቃል።

ማስተርካርድ ጥቁሩን መስመር ከክሬዲትና ከዴቢት ካርዶቹ እስከ እ.ኤ.አ. 2033 ለማስወገድ ወስኗል። እስከዚያው ክፉኛ የሚጎዱት አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት የምግብ ድጎማ በሚሰጥበት በኢቢቲ ካርድ ምግብ የሚገዙ ቤተሰቦች ናቸው፤ ከእነሱም መካከል ብዙ የእኛ ሰዎች አሉ። አብዛኛው የኢቢቲ ካርድ እስካሁን ቺፕ የለውም፤ ካሊፎርኒያ በ2025 መቀየር ጀምራለች። የተሰረቀውን የምግብ ድጎማ በፌዴራል ገንዘብ የሚተካው ሕግም በዲሴምበር 2024 አብቅቷል። እንዲህ ያለ ካርድ የያዘ ሰው የወሩ ገንዘብ ከመግባቱ በፊት ሚስጥር ቁጥሩን ይቀይር፤ ግዛቱ ካርዱን በስልክ መቆለፊያ ከሰጠው ደግሞ ከእያንዳንዱ ግዢ በኋላ ይቆልፈው።