ያልበራችው ነጥብ

ክረምቱ ሲወጣ በመርሳና በሀብሩ ቆላ ወባ ይበረታል። «ታክሜ ድኜ ነበር፤ አሁን ደግሞ አገረሸብኝ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ነው። ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ያጠፋል፤ ጉበት ውስጥ ተኝቶ የሚከርመውን የሚነቅለው ግን ፕሪማኩዊን ነው፤ የተለመደው አወሳሰድ 14 ቀን።

ፕሪማኩዊን ሰውነት ውስጥ ሲብላላ ቀይ የደም ሕዋስን የሚጎዱ ኦክሲዳንቶች ይፈጠራሉ። ሕዋሱን ከነዚህ የሚጠብቀው ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ እሱ ያነሰው ሰው ደሙ ይፈርሳል፣ ሽንቱ እንደ ቡና ይጠቁራል። ይህ በአሜሪካ ተመራማሪዎች የተረጋገጠው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። እሸት ባቄላም እንዲሁ ያደርጋል፤ ባቄላ ወዳዱ ወገኔ ይህን ቢያውቅ አይጎዳም።

ይህ ኢንዛይም ያነሰውን ሰው ለመለየት ኧርነስት ቦይትለር በ1966 እ.ኤ.አ. ያወጣው የነጥብ ምርመራ የሚገባውን ክብር ያላገኘ ይመስለኛል። ጠብታ ደም ከሪኤጀንት ጋር ይቀላቀላል፤ እንደተቀላቀለ፣ በ5ኛውና በ10ኛው ደቂቃ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ይነጠባል፤ ሲደርቅ ጨለማ ውስጥ በ365 ናኖሜትር የአልትራቫዮሌት መብራት ይታያል። ኢንዛይሙ ካለ ኤንኤዲፒኤች የተባለ ሞለኪውል ይሠራል፤ ኤንኤዲፒኤች ደግሞ በዚያ መብራት ሰማያዊ ያበራል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ኋላ የተጨመረበት ብልሃት ነው፦ ኦክሲዳይዝድ ግሉታቲዮን ሲገባበት ደካማ ኢንዛይም የሠራት ጥቂት ኤንኤዲፒኤች እዚያው ተበልታ ታልቃለች፤ ነጥቧም ሳታወላውል ጨለማ ትሆናለች።

ብዙዎችን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ኦክሲዳንት ሲያገኘው የሚበራ ማቅለሚያ የለመደ ሰው ብርሃን ሲያይ «ጉዳት አለ» ይላል። እዚህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚበራው መከላከያው ነው። ነጥቧ የደረሰውን ጉዳት አትለካም፤ ሊደርስ የሚችለውን ነው የምታስጠነቅቀው። «አልበራም፣ እሰየው» ብሎ መድኃኒት የሚያዝ ሰው አደገኛ ነው።

ወረቀቱንም አትናቁት። አንድ ሠልጣኝ ማጣሪያ ወረቀት አጥቶ በፎቶኮፒ ወረቀት ሲያነጥብ አይቻለሁ። የፎቶኮፒ ወረቀት እንዲነጣ የሚጨመርበት ኬሚካል ራሱ ሰማያዊ ያበራል፤ በዚያ መካከል የነጥቧን ብርሃን ማን ይለየዋል? መብራት ሳያጠፉ የሚያነቡም አሉ፤ ዓይናቸው እንደ ድመት ይመስላቸዋል።

የበራች ነጥብም ቢሆን ጭፍን እምነት አይጣልባትም። የጂ6ፒዲ ጂን ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ፣ አንዱ ጂኗ ብቻ የጎደለ ሴት ደሟ ቅይጥ ነው፤ ምርመራው በደንብ የሚይዘው ደግሞ የኢንዛይሙ አቅም ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ነው። ስለዚህ 40 ወይም 50 በመቶ ያላት ሴት ነጥቧ በርቶ ታልፋለች፤ 14 ቀን ስትውጥ ግን ልትጎዳ ትችላለች።

ሽንቱ ከጠቆረ በኋላ ደሙን የሚልክም አለ። ያን ጊዜ ኢንዛይም የጎደላቸው አሮጌ ሕዋሳት ፈርሰው አልቀዋል፤ የቀሩት ገና የተወለዱት፣ ኢንዛይም የተሻላቸው ናቸው። ነጥቧ ትበራለች፤ ውጤቱ ግን ያሳስታል። የቀይ ሕዋስ ዕድሜ 120 ቀን ያህል ስለሆነ ወራት ጠብቆ መድገም ይሻላል። በሽተኛው በቅርቡ ደም ተሰጥቶት ከሆነም ይጠየቅ፤ ያለዚያ ወረቀቱ ላይ የሚበራው የለጋሹ ኢንዛይም ሊሆን ይችላል።