ከአንድ እንቁላል ሁለት ዕጣ፤ አውራ ንብና ሠራተኛ ንብ እንዴት እንደሚለያዩ

በአምባሰል አገር፣ በመስቀል አምሳል በተሠራው በግሸን አምባ ላይ፣ ከነገሥታቱ ዘር የተወለዱ መሳፍንት እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ድረስ በጥበቃ ሥር ይኖሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ይህም የሆነው መንግሥት በደም የሚወረስ ስለ ነበረና ያ ደም ያለበት ሁሉ፣ ቀን ከወጣለት፣ ዘውድ ሊጭን የሚችል ሆኖ ስለሚቈጠር ነው። ከዚያው አምባ በታች፣ ከውጫሌ እስከ ሐይቅ ባለው አገር፣ በጭቃና በእበት ተለስኖ በየቤቱ ጥግና በየዛፉ ላይ በሚቀመጠው ቀፎ ውስጥ ግን መንግሥት የሚጸናው በሌላ ሕግ ነው፤ በዚያ የምትነግሠው አውራ ከምታገለግላት ሠራተኛ ንብ በደም የምትለይበት አንዳች ነገር የላትም። በአንድ ቀፎ ለአውራነትም ለሠራተኛነትም የሚያድጉት ከአንዲት እናት ይወለዳሉ፤ እንቁላላቸውም አንድ ዓይነት ነው፤ ታዲያ አንዲቱ ለመንገሥ ሌላይቱ ለመድከም የሚለዩት በምን ምክንያት ነው?

የቀፎ ሕዝብ በሦስት ወገን ይከፈላል። አንደኛዋ አውራይቱ ናት፤ እርሷም በአንድ ቀፎ አንዲት ብቻ ሆና፣ ሰውነቷ የረዘመ፣ የእንቁላል ከረጢቷ የሰፋ፣ አበባ በበዛበት ወራት በአንድ ቀን እስከ 1,500ና ከዚያም በላይ እንቁላል ልትጥል የምትችል፣ ዕድሜዋም በዓመት የሚቈጠር ናት። ሁለተኞቹ ሠራተኞች ናቸው፤ እነርሱም በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሴቶች ሲሆኑ፣ አበባ የሚቀስሙ፣ ሰም የሚያፈልቁ፣ እጭ የሚመግቡ፣ ቀፎ የሚጠብቁ፣ ሥራ በሚጸናበት ወራት ግን ዕድሜያቸው ከ6 ሳምንት እምብዛም የማያልፍ፣ የእንቁላል ከረጢታቸውም ሳያድግ የቀረ ናቸው። ሦስተኞቹ ድንጉላዎች ናቸው፤ እነዚህ አባት የሌላቸው፣ ዘር ካልነካው እንቁላል የሚወለዱ መሆናቸውን ያን ድዜርዞን የተባለ የሲሌዥያ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1845 አስታውቋል። እንግዲህ የድንጉላው ልዩነት ከመጀመሪያው የተቈረጠ ሲሆን፣ የአውራና የሠራተኛ ልዩነት ግን እንቁላሉ ከተጣለ በኋላ የሚመጣ ነው፤ የነገሩም ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው።

እንቁላሉ በተጣለ በ3ኛው ቀን ተፈልፍሎ እጭ ይሆናል። ያን ጊዜ ሞግዚት የሆኑት ወጣት ሠራተኞች በራሳቸው ውስጥ ካለው ዕጢ የሚያመነጩትን፣ ሮያል ጄሊ የሚባለውን ወተት መሳይ ምግብ ያቀርቡለታል፤ ሦስት ቀን ያህልም ሁሉም እጮች ከዚህ ዓይነቱ ምግብ ይካፈላሉ። ከዚያ በኋላ ግን ለሠራተኛነት የታሰበችው ማርና የጽጌ ብናኝ የተደባለቀበት ቀለብ ሲተካላት፣ ለአውራነት የታሰበችው ቍልቍል በተንጠለጠለ ሰፊ ቤት ውስጥ ሆና፣ በላይዋ እስኪከደን ድረስ ከነጩ ምግብ ሳትለይ ትጠግባለች። ስለዚህም አውራይቱ እንቁላል ከተጣለ በ16ኛው ቀን ጐልምሳ ስትወጣ፣ ሠራተኛይቱ 21 ቀን ትቈያለች። አውራ የሞተችበት ቀፎ ለጋ እጭ ካለው፣ ሞግዚቶቹ ከሠራተኞች እጭ መካከል ጥቂቶቹን መርጠው፣ ቤታቸውን አስፍተው፣ ቀለባቸውን ለውጠው፣ ከተራው ወገን አውራ ያነግሣሉ፤ እጩ ከሦስት ቀን ያለፈ እንደ ሆነ ግን መንገዱ እየተዘጋ ይሄዳል።

ቀለብ ሰውነትን እንዲያገዝፍ ማንም ያውቃል፤ ቀለብ አካልንና ጠባይን፣ ዕድሜንና ማዕርግን እንዴት እንደሚለውጥ ግን ለብዙ ዘመን ተሰውሮ የኖረ ነገር ነው። የማር ንብ የዘር መጽሐፍ፣ ማለት ዲኤንኤው፣ ተነቦ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ ወደ 236 ሚሊዮን የሚደርሱ ፊደሎችና ከ10 ሺህ የሚበልጡ ዘረ መሎች እንዳሉት ታውቋል። ይህ ሁሉ በአውራይቱም በሠራተኛይቱም ሕዋስ ውስጥ ሳይጐድል ይገኛል፤ የሚለያዩት የትኛው ዘረ መል በየትኛው ሰዓት ተገልጦ እንዲሠራ፣ የትኛውም ተከድኖ ዝም እንዲል በሚወስነው ሥርዐት ነው። ከዚህ ሥርዐት መሣሪያዎች አንዱ ሜቲል የሚባል፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ብቻ ያለው፣ እጅግ ታናሽ ተቀጽላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሊቃውንት፣ ይህን ተቀጽላ በዲኤንኤ ላይ የሚያኖረውን አንዱን ፕሮቲን በእጮች ውስጥ ቢያዳክሙት፣ ቀለባቸው ሳይለወጥ ብዙዎቹ እንደ አውራ የእንቁላል ከረጢታቸው ዳብሮ ወጡ።

ይሁን እንጂ ዲኤንኤ በሕዋሱ ማኅደር የሚጠበቅ ዋና መጽሐፍ ነው፤ ፕሮቲን ወደሚሠራበት ስፍራ ትእዛዝ ይዞ የሚሄደው ከእርሱ የተገለበጠው አርኤንኤ ነው። ይህም ግልባጭ በፈንታው ሜቲል ይቀበላል፤ ከአራቱ ፊደሎቹ አንዱ በሆነው በአደኒን ላይ ሲጨመርበት ሊቃውንቱ ኤም 6 ኤ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የታወቀው ምልክት ይሆናል። ነገሩን ለመረዳት የሚሻ ወሎዬ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም እንደ ሠሩት የሚነገረውን የድጓ ምልክት ያስብ፤ ከቃሉ በላይ በደቂቅ ፊደል የሚጻፈው ያ ምልክት ከንባቡ አንዲት ፊደል እንኳ አይለውጥም፤ መሪጌታው ግን እርሱን አይቶ የቱን እንዲያነሣ፣ የቱን እንዲጥል፣ የቱን እንዲያስረዝም ያውቃል። በሕዋስም ውስጥ ሜትል 3ና ሜትል 14 የተባሉ ፕሮቲኖች ተጣምረው ምልክቱን ይጽፋሉ፣ ሌሎች ፕሮቲኖች ያነቡታል፤ እንደ ንባባቸውም ያ አርኤንኤ እንዲቈይ ወይም ቶሎ እንዲፈርስ፣ ብዙ ፕሮቲን ወይም ጥቂት እንዲያስገኝ ይወሰናል።

ይህ ምልክት በንብ ዕጣ ላይ ሥልጣን እንዳለው የቻይና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። የአውራና የሠራተኛ እጮችን አርኤንኤ ቢያስተያዩ በሠራተኞቹ ዘንድ ምልክቱ በዝቶ አገኙት፤ ልዩነቱም የንብን ወገን በሚለዩት ዘረ መሎች ላይ ጭምር የሚታይ ነበር። ቀጥለው ምልክቱን የሚቀንስ መድኃኒት ለሠራተኛ እጮች ቢሰጧቸው፣ እጮቹ የአውራን መልክ ወደ መያዝ አዘነበሉ። እንደዚህ ከሆነ ምልክቱ በሠራተኛይቱ ላይ የሚበዛው የአውራነቷን መንገድ ሊያጠብባት ነው ብሎ መናገር ይቻላል። ብቻውን ግን አይሠራም፤ በአውራ እጭ ሰውነት በርክቶ የሚገኘው ጁቬናይል ሆርሞን፣ በዲኤንኤ ላይ ያለው ሜቲልና የቀለቡ ዓይነትና ብዛት ሁሉ በአንድነት ተባብረው አንዲቱን እጭ ለዙፋን ሌላይቱን ለአገልግሎት ያዘጋጃሉ። ፍርዱም እንዲህ ነው፤ በቀፎ ውስጥ ማዕርግ ከሞግዚት እጅ የሚሰጥ እንጂ ከእናት የሚወረስ አይደለም።

ይህ ነገር ለአናቢም የሚጠቅም ትምህርት አለው። ኢትዮጵያ በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ስትሆን፣ የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከልን የመሰለ ተቋም ያላት አገር ናት፤ ሆኖም አብዛኛው ማር ዛሬም የሚቈረጠው ከባህላዊ ቀፎ ነው። በዚህም ቀፎ የማሩና የእጩ እንጀራ ተቀራርቦ ስለሚሠራ፣ በጢስና በጥድፊያ የሚቈርጥ ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ያወጣዋል። እጭ ያለበትን እንጀራ የጣለ ሰው የነገውን ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን፣ አውራዋ ብትሞት ሊተካት የሚችለውን ለጋ እጭ ጭምር ጥሏል። ስለዚህ የሐይቅና የአምባሰል አናቢ ሆይ፣ ማርህን ስትቈርጥ እጭ ያለበትን እንጀራ ለይተህ ለንቦቹ ተውላቸው።